ከዋርካው ሥር የቆመው ሞተር

ሰኔ 11 ቀን።

የሞተሩን አራት ትልልቅ ጎማዎች ዛሬ ጠዋት ፈታሁ።

ይድረስ ለየኔታ። ከተለዩን ሰባት ወር ሆነ። አባቴ ቢሆኑም ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎትና፣ እንደ ሌሎቹ ተማሪዎች የኔታ ስልዎት አደግሁ። አሁን ልቀይረው ብልም እጄ እንቢ አለኝ።

በቅድሚያ የቤቱን ልንገርዎ። እማ ከእኔ ጋር ፍኖተ ሰላም ናት። የገጠሩን ቤት ዘግተነዋል። ከተማሪዎችዎ የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ ተዘግቶ የነበረው መንገድ በተከፈተ ሳምንት ወደየአገራቸው ሄዱ። የጎጇቸው ክዳን ይህን ክረምት የሚችል አይመስለኝም። መቋሚያዎ እማ ራስጌ ቆሟል፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ጠዋት ጠዋት እሱን ተደግፋ ትነሣለች። የእኔ ጎሚስታ እንደነበረው ነው። ባጃጅ ይመጣል፣ ጋሪ ይመጣል፣ እለጥፋለሁ።

ያን ባለ አራት ጎማ ሞተር ቡሬ አጠገብ ከተዘጋ የእርሻ ፕሮጀክት ግቢ፣ ሣር በቅሎበት እንዳገኘሁት ያስታውሳሉ። ቀኝ ጉልበትዎ አልታጠፍ ብሎ በቅሎዋን ከሸጡ ሁለት ዓመት ሆኖዎት ነበር። አስነሥቼ ባመጣሁልዎ ቀን አንዴ ዞረው አዩትና በጎን ተቀመጡበት፤ ከዚያ ግራ እግርዎን ወደ ማዶ አሻገሩ። ሲወርዱ ግራውን መልሰው እንደ መንሸራተት አሉ፤ መሬቱ ተቀበለዎት። ማንም አላገዘዎትም። በማግስቱ ዳዊትዎን ከሞተሩ ድምፅ በላይ እየደገሙ ሲሄዱ ከኋላዎ ተቀምጬ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ያለው ዋርካ ጋ ስንደርስ ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ፤ ከዚያ እስከ ደጀ ሰላሙ በመቋሚያዎ። በቤተ ክርስቲያን ፊት ከበቅሎው ሳይወርድ ያለፈን ሰው ሠላሳ ዓመት ሲገሥጹ የኖሩ ሰው ነዎት። ባለሥልጣንም ቢሆን አይምሩም ነበር።

ሐምሌ ላይ ሞተሩ ወንዙ ዳር ጭቃ ያዘው። የጎማዎቹ ጥርስ አልቆ ነበርና ባሉበት ይሾሩ ጀመር። ከቅዳሴ የሚመለሰው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ገፋ። አንዱ፣ «የየኔታ በቅሎ ዛሬ ገብሷን አልበላችም መሰል!» አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ፣ «ባለቤቷ ጎሚስታ ልጅ እያላቸው!» አለ። እርስዎ እስኪያስልዎ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ሙያዬ በሰው ፊት የተሰደበ መሰለኝ።

በነሐሴ፣ በጥርሳቸው መካከል ጣት የሚያስገቡ ትልልቅ ጎማዎች ከነቸርኬያቸው ከባሕር ዳር አስመጣሁ። የብሎኑ ቀዳዳ ገጠመ። ጎማው ግን ወደ ውስጥ ስለገባ መሪው ሙሉ ሲዞር የውስጡን ብረት ይነካ ነበር። ቶርኖ ቤት ሄጄ ከቸርኬው ኋላ የሚገባ ወፍራም ብረት አስቆረጥሁ። ያኔ ደግሞ ጎማው ወደ ውጭ ወጣና የጭቃ መከለያውን፣ ፓራፋንጎውን ነካ። ፓራፋንጎውን በብረት መጋዝ ቆረጥሁት። ሞላዎቹን አጠበቅሁ። ለጭቃ ጎማ ለስለስ ሲል ይሻላልና ነፋሱን ቀነስሁ። አንድ ሙሉ ጆንያ በቆሎ እርስዎን ያህላል ብዬ ወንበሩ ላይ አሰርሁና መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ ጥጉ አዞርሁ። የሚነካ ነገር የለም። ወንዙን ከነጆንያው ሦስት ጊዜ ተሻገርሁ። እንደዚያ ቀን በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም።

ጆንያው ግን በራሱ አልወረደም። ፈትቼ በትከሻዬ ያወረድሁት እኔ ነኝ። ሞተሩ ስንዝር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ያህል ከፍ ብሎ ነበር፤ ከወንበሩ እስከ መሬት ያለውን አልለካሁም።

ባስረከብሁዎት ቀን ደጃፉ ላይ ባለው ድንጋይ ቆመው ወጡበት። «ትንሽ ከፍ አላለም?» አሉኝ። «ለጭቃው ነው የኔታ» አልሁ። «እንዲያ ከሆነ ደግ» አሉ። መስከረም ላይ ደግሞ በስልክ ስለ ጤፉ ስናወራ ቆይተን፣ አሮጌዎቹ ጎማዎች አሉ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ምን ይሠራሉ፣ አልቀዋል እኮ አልሁዎት።  ኔትወርኩ የተቆረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልሁ።

ኅዳር ላይ ያ ሳል ወሰደዎት። ሬሳዎ ለፍትሐት ዋርካው ሥር ሲያርፍ እማ ከሁሉም ቦታ ይልቅ እዚያ ጮኸች። ምክንያቱን ያኔ አላወቅሁም።

ያወቅሁት በግንቦት ሚካኤል ነው። እማን ልወስዳት ሞተሩን አስነሥቼ ጠራኋት። በሩ ላይ ቆማ አየችውና፣ «እንደ አባትህ ከደጅ ልታስቀረኝ ነው?» አለችኝ። ሞተሩን አጠፋሁ። ከነሐሴ ጀምሮ ቅዳሴውን ዋርካው ሥር፣ እሱ ላይ እንደተቀመጡ ያስቀድሱ እንደነበር የዚያን ዕለት ነገረችኝ። እቤት ደጃፍ መውረጃ ድንጋይ አለ፤ ዋርካው ሥር የለም። ሰው ወደ እርስዎ ሲመጣ ሞተሩን ያስነሡና የሚሄዱ ይመስሉ ነበር አለች። አውርዱኝ ማለት ለማን? በዚያ የሚያልፈው ሁሉ ውረድ እያሉ የገሠጹት ሰው ነው። ደጀ ሰላሙን ሳይሳለሙ ሦስት ወር።

ለምን አልነገርሽኝም አልኋት። «ደስ ብሎት ሠርቶታልና እንዳታስከፊው ብለው ከለከሉኝ» አለች። የዚያን ቀን ሁለታችንም አልሄድንም።

ከቀብርዎ ወዲህ እማ መቃብርዎን አላየችም። ነገ ሰኔ ሚካኤል ነው። ነገ ካለፈ ወንዙ ይሞላና ያለ ትልልቆቹ ጎማዎች እስከ መስቀል መሻገር የለም። እሷ ደግሞ እስከ መስቀል መቆየቴን እንጃ ትላለች። አታሟርቺ እላታለሁ። አትሰማኝም።

ስለዚህ አሮጌዎቹን ጎማዎች ከጎሚስታው ጀርባ አወጣሁ። አንዱ ውስጥ ዶሮ ተኝታበት ነበር። ሁለቱ ተበስተው አገኘኋቸው፤ ለጠፍኋቸው። ወፍራሙን ብረት አወጣሁ፣ ሞላዎቹን ወደ ቀድሞ ልካቸው መለስሁ። ብሎኑ ላይ የሚጠብቀው የአሮጌው ቸርኬ ዳዶ አፉ ሾጣጣ ነው፤ የአዲሱ ጠፍጣፋ ስለሆነ አያገለግለውም፣ መንገድ ላይ ይላላል። ሾጣጣው አሥራ ስድስት ያስፈልገኛል፤ ያገኘሁት አሥራ ሦስት ነው። ነገ ጭቃ ከያዘን ወርጄ እገፋለሁ። የሳቀ ይሳቅ።

ይህን የምጽፍልዎ መለዋወጫ ቤት፣ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው። ባለሱቁ የጎደሉኝን ሦስት ዳዶዎች ፍለጋ ከመደርደሪያው ኋላ ገብቷል፤ ጣሳ ሲገለብጥ ይሰማኛል። ከዚህ እንደተመለስሁ ለእማ መርገጫ ልበይድላት አስቤአለሁ፤ ከጎን የሚወጣ፣ ዝቅ ያለ። ብረቱን መርጫለሁ፣ ርዝመቱን ወስኛለሁ። በየትኛው ጎን እንደሚሆን ሳስብ ግን ቆምሁ። የሚያማት ጉልበት የቀኙ ይሁን የግራው አላውቅም። ሰባት ወር አንድ ቤት ኖረናል። መቋሚያዎን በየትኛው እጇ እንደምትይዝ ላስታውስ ሞከርሁ። አልመጣልኝም።

የኔታ፣ ለዘላለም አልረሳዎትም ብዬ ልጽፍ ነበር። ሰው ይረሳል፤ እርስዎም ያውቁታል። የምችለውን ልንገርዎ። ከእንግዲህ ለማንም ሰው ጎማ ባሰርሁ ቁጥር ሰውየውን ከላይ አስቀምጬ፣ እስኪ ውረድ እለዋለሁ፤ ሲወርድም ቆሜ አያለሁ። ያኔ ሁሉ ፊቴ የሚመጡት እርስዎ ነዎት።

ባለሱቁ፣ «ሁለት አግኝቻለሁ፣ አንዷን ጠብቀኝ!» እያለ ነው። ዳዶዎቹ የትም አይሄዱም፤ ተመልሼ እወስዳቸዋለሁ። እማ ይህን ጊዜ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። ወረቀቱን አጥፌ የትኛው ጉልበቷ እንደሚያማት ልጠይቃት ወጣሁ።