አባባ ዝም ያሉበት ክፍል

ለወንድሜ ለኡርሆ፣

እንደምን ከርመሃል? ካናዳ ብርዱ ገባ ወይ? ግንድ በመሸከም ሲጎዳ የነበረው ትከሻህስ ተሻለው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ከማዕዱ ያንተ ቦታ ብቻ ነው የጎደለው።

ዩኒቨርሲቲው በመጨረሻ ከተማችን ተከፈተ። አባባ ስንት ዓመት ፊርማ ሲያሰባስቡ፣ የደቡብ ሰዎች «እዚያ ሰሜን አጋዘን ልታስተምሩበት ነው?» እያሉ ሲስቁባቸው ታስታውሳለህ። አሁን ተማሪው ከየገጠሩ ጎርፎ ማደሪያ ጠፋ። ትርፍ ክፍል ያለው ሰው ሁሉ ተማሪ እንዲያስገባ በጋዜጣ ተለመነ።

እኛ ያለን ትርፍ ክፍል ያው ያንተው ነው። ከሄድክ ወዲህ አባባ ማንንም አላስገቡበትም፤ ማስመሪያህ እንኳ እንደተሰቀለ ነው። እማማ ግን ምሕንድስና ሊማር የመጣ ኦይቫ የሚባል የኩሳሞ ገጠር ልጅ ይዛ መጣችና፣ ክፍሉን እንስጠው ወይ አለቻቸው። አባባ ዝም አሉ። እማማ «ዝም ካለማ እምቢ ማለቱ ነው» ብላ ልጁን ልትሸኘው ስትነሳ፣ እሱ ሆዬ ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጥሮ፣ አመስግኖ ሻንጣውን ይዞ ገባ!

ሳምንት ሙሉ አባባ አላናገሩትም፤ እሱም አላናገራቸውም። ቦታህን የወሰደብህ መስሎኝ እኔም አኩርፌ ነበር። ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ እንፋሎት ሊታጠቡ አብረው ሳውና ገቡ። ሲወጡ የአባባ ዓይን ቀልቷል። ኋላ ኦይቫ እንደነገረኝ፣ የጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ ረጭተው ብዙ ከቆዩ በኋላ አባባ «ይሄ ትምህርት ቤት ስምንት ዓመት ቀድሞ ቢከፈት ኖሮ ልጄ ባሕር ባልተሻገረ ነበር። ከጎኔ የሚቀመጠው እሱ ነበር» አሉት። ቀጥለውም «በል ውሃ ጨምር፤ የኩሳሞ ሰው ሙቀት ይፈራል እንዴ?» አሉት አሉ።

ከዚያ ወዲህ አባባ ጓሮ ውስጥ የጥድ እንጨት ሲልጉ ሰነበቱ። ትናንት አዲስ አልጋ ሠርተው ክፍልህ ውስጥ በበሩ በኩል አቆሙና ኦይቫን ወደዚያ አዛወሩት። በመስኮቱ በኩል ያለው ያንተ አልጋ እንደገና ተነጥፏል። ሃያ ሰባት ዓመት የሞላውን ሰው ዩኒቨርሲቲው ይቀበል እንደሆነም ኦይቫን ጠይቀውታል። ይቀበላል።

እማማ የሱፍ ካልሲ እየሠራችልህ ነው፤ «ጉንጩን ሳሚልኝ» ብላለች። ኦይቫም ሳያውቅህ ሰላም ይልሃል፤ ማስመሪያህን ተውሶታል። አባባን ግን «ና ይሉሃል ብዬ ልጻፍለት?» ብዬ ብጠይቃቸው ዝም አሉ።

እሺ ማለታቸው ነው።

እህትህ ሌምፒ
ኦውሉ፣ ኦክቶበር 18 ቀን 1959 እ.ኤ.አ.