ሦስት ቁጥር ያለው ሽጉጥ

ኅዳር 3
ዛሬ ስድስት መነጽር ገጠምኩ። አንዷ ደንበኛ የሟች ባሏን መነጽር አምጥታ "ለእኔ ዓይን አስተካክይልኝ" አለች። እሷ ስታለቅስ እኔ መስታወቱን እወለውላለሁ። አባባ ከሞተ ሃያ ስድስት ቀኑ... አንድም ቀን አላለቀስኩም። ምን ነክቶኝ ነው?
ከሥራ መልስ ቁም ሣጥኑን ባዶ አደረግኩ። ከካፖርቱ ሥር፣ በፎጣ የተጠቀለለ ሽጉጥ። አባባ፣ ዝንቡን እሽ የማይለው ሰውዬ! አልደነገጥኩም። ጎዶሎ ካልሲ ያገኘሁ ያህል ነው።

ኅዳር 5
እናቴን ጠየቅኳት። "ከሰው የገዛው አሮጌ ነገር ነው። አስረክቢውና እንገላገል።" ከሽንኩርቷ ቀና እንኳ አላለችም።
ፖሊስ ጣቢያ ደወልኩ። ከየት እንደመጣ ካላወቅኩ ምርመራው ይረዝማል አሉኝ።

ኅዳር 6
መነጽር የምሠራላቸው ጡረተኛ የመሣሪያ ጠጋኝ አሉ። ቤታቸው ወሰድኩት። ጥይት እንደሌለው አዩና ጋዜጣ ላይ ፈታቱት።
"ልጄ፣ ይሄ አንድ ሽጉጥ አይደለም።"
"ታዲያ?"
"ሦስት ነው። ሳይተዋወቁ የተጋቡ። የተሰረቀ ሲደበቅ እንዲህ ነው።" ሳቁ።
የእጀታው ብረት ቁጥሩ ሌላ፣ የላዩ ሌላ፣ አፈሙዙ ሌላ። በአጉሊ መነጽሬ አነበብኩላቸው። አፈሙዙ ላይ፣ ከቁጥሩ ጎን ትንሽ የስንዴ ዛላ ተቀርጿል።
"የእህል መጋዘኑ ምልክት ነው። ለዘበኞቹ በሚሰጠው ሽጉጥ ላይ ያርፋል። እኔው ነበርኩ የምቀርጸው።"
አጎቴ እዚያ ዘበኛ ነበር።

ኅዳር 7
የአባባ ታናሽ ወንድም። ከልጅነቴ የሰማሁት፦ የመጋዘኑን ሽጉጥ ሸጦ ጠጣበት፣ ሦስት ዓመት ታሰረ። ሚስቱ ጥላው ሄደች። ልጁ ካናገረችው ሃያ ዓመት አለፋት። "ተሰርቄ ነው" ሲል ሰው ሁሉ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። እኔም ጣሪያውን አይ ነበር።

ኅዳር 10
ቤቱ ሄድኩ። አንድ አልጋ፣ አንድ ሬዲዮ። "ጋሼ፣ የፍርድ ወረቀቱ አለህ?" ለምን ሳይል ከፍራሹ ሥር አወጣው። ወረቀቱ ላይ ያለው የአፈሙዙ ቁጥር ነው፣ አንድም አልተዛነፈም። "ሲሸጥ አይቻለሁ" ብሎ የመሰከረበት የመጋዘኑ ንብረት ያዥ ነው።
ምንም ሳልነግረው ወጣሁ። አባባ ሰርቆት ይሆን?

ኅዳር 11
የእጀታውን እንጨት በመነጽር መፍቻዬ ፈታሁት። ከውስጥ የታጠፈ ወረቀት። የአባባ ጽሕፈት። ሦስቱ ቁጥሮች፣ የአፈሙዙ ሁለቴ ተሰምሮበታል። ከሥሩ፦ "የሸጠልኝ የመጋዘኑ ንብረት ያዥ ነው። ወንድሜ እውነቱን ነው።"
ቀንም አለው። አጎቴ በታሰረ በአራተኛው ወር። ገና ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ይቀረው ነበር።
ሁለቴ አነበብኩት። ከዚያ እራት በላሁ።

ኅዳር 12
እናቴ ታውቃለች።
"ያለ ፈቃድ ነው የገዛው፣ ቢናገር እሱም ይገባ ነበር። አንቺ ገና ጡት አልጣልሽም ነበር። ምን ያድርግ?... አሁን ሞቷል፣ ተይው።"

ኅዳር 13
ባቃጥለውስ? ማን ያውቃል?

ኅዳር 14
ለአጎቴ ወረቀቱን ሰጠሁት። እጁን ዘርግቶ፣ ከሩቅ እያየ አነበበው።
"ጽሕፈቱ ያምራል። ተማሪ ሳለን የእኔን ደብተር እሱ ነበር የሚጽፍልኝ።"
"ቀኑን አየኸው፣ ጋሼ?"
"አየሁት።"
ወረቀቱን አጠፈው።
"በየወሩ ይጠይቀኝ ነበር። ሳሙና ያመጣል፣ አይቀመጥም። እኔ ደግሞ አፍሮብኝ ነው ብዬ..." አልጨረሰውም። "እውነቱን ልንገርሽ፣ ይቅር አልለውም።"
"አትበለው" አልኩ።

ኅዳር 18
አብረን ጣቢያ ሄድን። መኮንኑ ቃላችንን ተቀብሎ ሽጉጡንና ወረቀቱን ተረከበን። ንብረት ያዡ ከሞተ ቆይቷል። ጉዳዩ ግን ለፍርድ ቤት ተጻፈ። የአባባ ቃል የሰፈረበትን ደብዳቤ ማህተም ያለበት ግልባጭ ሰጡን።
አጎቴ በሩ ላይ ቆመ። "ለልጄ አንብቢላት።"
ደወልኩላት።
"ስለ እሱ ከሆነ እዘጋዋለሁ።"
"አንዲት ገጽ ናት" አልኳት። ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት፣ የደብዳቤውን ቁጥር ሳይቀር። በእሷ በኩል መኪና ሲያልፍ ይሰማል።
"አጠገብሽ ነው?"
"አዎ።"
"ስጪው።"
ስልኩን ሰጠሁትና መንገዱን ተሻገርኩ። በሁለት እጁ ይዞታል። የሚለው አይሰማኝም። ግማሽ ሰዓት ያህል... ባትሪው አልቆ ስልኩ ከጠፋ በኋላም ከጆሮው አላወረደውም። ሄጄ አልተቀበልኩትም።