በሐምሌ ያልነፈሰ ነፋስ

ለምወድሽና ለማስቸግርሽ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ። በተሰበረ ልብ የማስታውቅሽ ከባድ ጉዳይ አለ። የመንደራችን ታሪክ ባለፈው እሑድ ሊጠፋ ለጥቂት ነው የተረፈው፤ አጥፊዋም እኔው ታናሽሽ ነኝ። ከሁሉ በፊት ግን ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽ ተሻለሽ? ያቺ ኩርፊያ የማይሰለቻት አከራይሽስ ደህና ናት? እኛ ከእኔ ጸባይ በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

አጎታችን እንደምታውቂያቸው ናቸው። ጠዋት ጀልባቸው ላይ ሸራ ይወጥራሉ፤ ከሰዓት በኋላ በየቤቱ እየዞሩ ይህን አጥር ማን አጠረው፣ ያ ጉድጓድ መቼ ተቆፈረ እያሉ ሰው ያደርቃሉ። መንደሩ አባ ነፋስ የሚላቸው ለጀልባው ብቻ አይደለም፤ ሳይጠሩ ገብተው ስለሚቀመጡም ነው። ሠላሳ ዓመት የለፉበት የመንደሩ ታሪክ አለቀና እሑድ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሊያነቡት ቀን ተቆረጠ። የማዶ መንደር ሰዎችም ተጠሩ፤ እነዚያ “እናንተ እኮ ትናንት የበቀላችሁ ናችሁ” እያሉ አጎታችንን ሲያበሽቁ የኖሩት።

እኔ ደግሞ እጄ አያርፍም። ክረምቱ ሲገባ፣ “ጽሕፈትሽ ከጭንቅላትሽ ይሻላል” ብለው የተዝረከረከውን ማስታወሻቸውን ሁሉ በአንድ ደብተር እንድገለብጥላቸው ሰጡኝ። ማንኛውንም ወሬ ሲመዘግቡ መጀመሪያ የዕለቱን ነፋስ ነው የሚጽፉት፤ “የምሥራቅ ነፋስ፣ ለስላሳ፤ ነጋሪ አናጢው” ብለው። ሦስተኛው ቀን ላይ ሰለቸኝና ከመሐል አንድ የራሴን ጨመርኩ። “ሐምሌ ዐሥር፤ የሰሜን ነፋስ፣ ብርቱ፤ ነጋሪ አንዲት አሮጊት። የመንደራችን መሥራች ከአማቱ ሸሽቶ፣ በበር ሳንቃ ላይ ተንሳፍፎ የመጣ ሰው ነው። በሩንም የሰረቀው ከማዶ መንደር ነው።” ማታውኑ ነግሬያቸው ልንስቅ ነበር፤ ረሳሁት።

ትዝ ያለኝ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰሃን ሳጥብ ነው። ሰሃኑን ጥዬ ሐይቁ ዳር ስሮጥ አባ ነፋስ ደብተሩን ይዘው፣ እንግዶቹን እንዳይቀሩ ሊያስጠነቅቁ ወደ ማዶ ሄደዋል። ቁጭ ስል መቀመጫዬ እሾህ ሆነብኝ፤ ስነሳ እግሬ የት እንደሚሄድ አያውቅም። መረብ ጠጋኙ “አንቺ ልጅ፣ መሬቱን ልታሳሺው ነው እንዴ?” አለኝ። ሲመለሱ ደግሞ ነፋሱ ቀጥ አለና ሐይቁ መሐል ቆመው ቀሩ። ምን ያደርጉ መሰለሽ? ደብተሩን ገልጠው ያነባሉ። ነጩ ወረቀት ከዳር ይታየኛል። ከዚያች ቀን ወዲህ ጥፍር የለኝም።

እንደደረሱ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ “ነገ፣ ነገ፤ ደክሞኛል” ብለው ደብተሩን በብብታቸው ሸጉጠው አለፉኝ።

እሑድ አዳራሹ ጢም አለ። አጎታችን መነጽራቸውን አድርገው ጀመሩ። የማዶዎቹ መሳቁ ቀርቶ “እሱማ እውነት ነው” እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ያቺ ገጽ ስትቀርብ ልወጣ ብነሳ መረብ ጠጋኙ ቀሚሴን ይዞ አስቀመጠኝ። አጎታችን “ሐምሌ ዐሥር” አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ ወደ እኔ አዩ። ከዚያ ገጹን ገልብጠው ስለ ጉድጓዱ ቀጠሉ። ሲጨርሱ ከማዶ የመጡት ሽማግሌ ተነስተው፣ የእነሱንም መንደር እንዲጽፉላቸው ለመኗቸው። አጎታችን ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር።

ሁሉም ሲወጣ ደብተሩን ነጥቄ ገለጥኩት። በወሬዬ ላይ የእርሳስ መስመር ተሰምሮበት፣ ኅዳጉ ላይ “በሠላሳ ዓመት ውስጥ በሐምሌ የሰሜን ነፋስ አንድ ቀን አልነፈሰም። ነጋሪዋ ውሸታም ናት፤ ጽሕፈቷ ግን ያምራል” ይላል። ገልብጬ የሰጠኋቸው ዕለት ነው ያገኙት። “መቼ ትነግረኛለች ብዬ ሦስት ወር ጠበቅሁሽ” አሉኝ። ቅጣቴን ስሚ፤ የማዶን ታሪክ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ነፋስ እስክለይም በየጠዋቱ ጀልባው ላይ ነኝ። እስካሁን ያወቅሁት ማስመለስ ብቻ ነው።

እማዬ ስማ አትጠግብሽም፤ ለጉልበትሽ ሹራብ ጀምራለች። አባዬ ደህና ነኝ በያት ብሎ ተመልሶ ጋዜጣው ውስጥ ገባ። ትንሹ ወንድማችን ኳስ ላኪልኝ ይላል። ለአጎታችን ያለሽበት አገር ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ከነቀኑ ጽፈሽ ላኪላቸው።

የታሪክ ጥፋት ብዬ ያስደነገጥኩሽ እንግዲህ፣ ነገሩ ሲጣራ አንዲት የእርሳስ መስመር ናት።

ታናሽሽ
ከሐይቁ ዳር፣ ከጀልባው ላይ
መስከረም ፲፱፤ የምዕራብ ነፋስ፣ ለስላሳ (ይመስለኛል)