የእኔ እጅ ያልነካው ሰዓት

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽ እንዴት ነው? አዲሱ ሰፈር ተስማማሽ? ሳልሽስ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ሲበርድ ይነሳብሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ዓይኔ ብቻ ደከመ። ቀኑን ሙሉ ሰዓት ፊት ላይ ፊደል ስጽፍ እውልና ሲመሽ የሰው ፊት ይደበዝዝብኛል።

ሥራችን እንደምታውቂው ነው። ባለቤቴ ሞተሩን ይገጥማል፣ እኔ ፊቱን እጽፋለሁ፣ ደንበኛው የሀብታም ሰዓት አሰርኩ ብሎ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። አንቺ ቁጭ ብለሽ ቀፎውን የምትወለውዪበት ወንበር ግን ባዶ ነው። ሰው እንቅጠር ስለው «እንደሷ የሚወለውል ከየት ይመጣል?» ይለኛል። እኔ ስንት ዘመን አንገቴን ደፍቼ ስጽፍለት አንድ ቀን እጅሽ ይባረክ ብሎኝ አያውቅም።

የላክሽው ጥቅል ደርሷል። እሱ ዕቃ ሊገዛ ወጥቶ ስለነበር እኔ ተቀበልኩት። ውስጡ ያለው ስትሄጂ ባለቤቴ የሰጠሽ ሰዓት ነው፤ ቆሞብሻል አሉ። ያኔ «ከኛው ፎርጅድ አንዷ ናት፣ ለመንገድ ትሁናት» ሲል አጠገባችሁ ነበርኩ፤ ስቄም መርቄሻለሁ። ልጠግንልሽ ብዬ በአጉሊ መነጽር አየሁት። እህት ዓለም፣ ከዚህ ቤት የወጣ ሰዓት ሁሉ ፊደሉ የእኔ ነው። ይሄኛውን ግን እጄ አልነካውም። ጀርባውን ብከፍተው ሞተሩም የኛ አይደለም። ኦሪጅናል ነው! ለጋብቻችን ለእኔ የሰጠኝ እንኳ ፎርጅድ ነው፤ ያውም ፊደሉን ራሴ የጻፍኩት።

ሲመለስ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ «ይሄ የማን ሥራ ነው?» አልኩት።

«የኛ ነዋ» አለ።

«ፊደሉን ማን ጻፈው ታዲያ?»

ወረንጦውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠ። «እሷ ምንም አታውቅም፤ እሷን ተያት» አለኝ። እሷን ተያት! ስለ እኔ እንዲህ ሲጨነቅ አይቼው አላውቅም።

አምኜው ነበር። በኋላ መጠቅለያውን ልጥል ሳነሳ፣ ስቀበል ያላስተዋልኩትን የእጅ ጽሕፈትሽን አየሁ። እዚህ በነበርሽበት ጊዜ «ጋሼ» ነበር የምትይው፤ እንደዚያ በይው ያልኩሽም እኔ ነኝ። ወረቀቱ ላይ ግን ስሙን ብቻ፣ እሱንም አቆላምጠሽ ጽፈሻል። ሚስቱ ሆኜ እኔ እንኳ እንደዚያ ጠርቼው አላውቅም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የሚደርስሽ ሰዓት በደንብ ይሠራል። ይሄኛው እውነትም የኛ ነው፤ ፊደሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያንን ኦሪጅናሉን እኔ አስሬዋለሁ። ከበድ ይላል። ባለቤቴ ባየው ቁጥር ዓይኑን ይሰብራል፤ እኔም በእጅጌዬ አልሸፍነውም።

ለሠርግሽ እመጣለሁ፤ ፀጉርሽንም እንደ ልጅነትሽ እኔው እሠራሻለሁ። የምመጣው ብቻዬን ነው። እጮኛሽን ሰላም በይልኝ፤ ደግ ሰው ይመስላል። የእሱንም ስም አቆላምጪለት።

ትዳርሽን ያጽናልሽ፣ ቤትሽን በሳቅ ይሙላልሽ።

እንደ እናት ያሳደገችሽ፣
እህትሽ