የከተማው ድምፅ ማጉያና አባባ

ኦክቶበር 4
ማዘጋጃ ቤት ዋልኩ። በድምፅ ማጉያው የቆሻሻ ማውጫ ቀን መቀየሩን ለከተማው አነበብኩ። ቤት ስገባ አባባ የእማማን ጫማ አድርጎ በር ላይ ቆሟል።
«ወዴት ነው?»
«ጀልባዋን ልጨርሳት።»
ጀልባ መሥራት ካቆመ ስንት ዘመኑ! ሳቅን። የመርሳት በሽታው ግን እየባሰበት ነው መሰለኝ...

ኦክቶበር 11
ጠፋ! እማማ ቢሮ ደወለችልኝ። «ስሙን እንዳትጠሪ! ሰው ምን ይለናል?» ቤተሰብ ካልፈቀደ ስም አይጠራም፣ ደንብ ነው። የገዛ አባቴን እንደ ባዳ አነበብኩት፤ «የሰማንያ ሦስት ዓመት አረጋዊ፣ ግራጫ ጃኬት፣ ኮፍያ...»

እዚህ ከተማ ግራጫ ጃኬት የሌለው ሽማግሌ አለ እንዴ? ሰዉ ያገኘውን ሁሉ እየያዘ አመጣልን። ጡረተኛው ርዕሰ መምህር ኒሺዎካ ደማቸው ፈላ። «ዳቦ ልገዛ ወጣሁ እንጂ መቼ ጠፋሁ?»

አባባስ? ባሕሩ ዳር፣ ከፈላጊዎቹ መሃል! ማስታወቂያውን ሰምቶ የጠፋውን ሰውዬ ሊፈልግ ወጥቶ ነው። «ምስኪን፣ ቤተሰቦቹ እንዴት ተጨንቀው ይሆን» አለኝ። በሳቅ ፈነዳሁ። ቆይቶ አለቀስኩ። ባሕሩ አጠገቡ ነበር እኮ... ብቻውን ቢሆንስ?

ኦክቶበር 12
አለቃዬን ኢሺዛካን ያዝኩት። ስም ይጠራ አልኩት። ደግሞስ ለምን ለፈላጊ ብቻ እናወራለን? የጠፋውም ጆሮ አለው! ለራሱ ብንነግረውስ?
«ቤተሰብ ከፈቀደ እንሞክረው» አለኝ።
ቤተሰብ ማለት እማማ... አበስኩ ገበርኩ።

ኦክቶበር 15
እማማ እምቢ አለች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ሾርባዋን ታማስላለች።

ኖቬምበር 2
እንደገና ጠፋ። ዝናብ፣ ያውም ብርድ። ጃኬቱን እንኳ አልለበሰም። የማነበውን ስጽፍ የቢሮው በር ተበረገደ። እማማ! ሽርጧን እንዳሸረጠች፣ ውሃ እየተንጠባጠበባት።
«አምጪው!» ማይክሮፎኑን ነጠቀችኝ።
«ቶኩጂ! እኔ ነኝ፣ ሃሩዬ። ያለህበት ቁም። አጠገብህ ላለ ሰው ስምህን ንገረው። የምትወደው ሾርባ፣ ኦደኑ፣ ድስት ላይ ነው፣ እንቁላሉን ላንተ አስቀምጬልሃለሁ። ና በቃ፣ ቤታችን እንግባ...»
ድምፅዋ ተራራውን መትቶ ሲመለስ ሰማሁት። ኢሺዛካ ፊቱን አዞረ፤ እያለቀሰ ነው።

ብዙም አልቆየ፣ ስልኩ ጮኸ። ዓሣ ሻጯ ናት። «ጀልባ ሠሪው እኔ ጋ ነው! ሚስቴ ጠርታኛለች፣ አድርሱኝ እያለ አላስቀምጥ አለኝ እኮ!»

በዓሣ መኪና አመጡት። እልል ማለት ነው የቀረኝ! እሱ እቴ፣ እማማን ሲያያት ተቆጣ።
«ምን እንዲህ ያስጮህሻል? ከተማው ሁሉ ሰማሽ እኮ!»
በሽርጧ ፀጉሩን እያደረቀች፣ «ይስማ!» አለችው።
እማማ ናት እንዲህ ያለችው። እማማ!