ባለቤት ያጣ ስም

ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለምትናፍቂኝ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ እምዬ? ጾሙን በሰላም ፈታሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ማለዳ ማለዳ ይይዝሻል? ላሚቱ ወለደች? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነኝ። እበላለሁ፣ እማራለሁ፣ ያ ሳልም ለቆኛል። ስለ ጤናዬ የምትጨነቂበት ነገር የለም።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክኩትም። ጎረቤታችንን ሸጊቱን እዚህ ገበያ ላይ አግኝቻት በእጅሽ እንድትሰጥሽ አደራ ብያታለሁ። እባክሽ ለማንም አታስነብቢው። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀትሽን ግድግዳ ላይ የሰቀልሽው ለጌጥ አይደለምና ራስሽ አንብቢው። ፊደሉን ባቄላ የሚያህል አድርጌ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ሲደክምሽ አርፈሽ ቀጥዪ እንጂ ዘለሽ መጨረሻውን እንዳታዪ። ጠባይሽን ስለማውቅ ነው።

አስቀድሜ በደሌን ልናገር። ባለፈው ረቡዕ በአምባ ጊዮርጊስ አለፍኩ። አየሁሽም። ከገብስ ጆንያሽ አጠገብ ቆመሽ ከአንዲት ሴትዮ ጋር ትከራከሪ ነበር፤ እጅሽን ስታወናጭፊ አይቼ ማን እየረታ እንደሆነ ገባኝ። መንገዱን በጎች ዘግተውት አውቶቡሳችን ቆሞ ነበርና መስኮቱን ከፍቼ ብጠራሽ ትሰሚኝ ነበር። አልጠራሁሽም። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ የማጠብቅ መሰልኩ። በጎቹ አልፈው አውቶቡሱ እስኪነሣ ድረስ ቀና አላልኩም።

ምክንያቱን ስሚኝና ከፈለግሽ ተቆጪ። ኮሌጅ ስገባ በሞላሁት ቅጽ ላይ የትውልድ ቦታዬን ጎንደር ከተማ፣ አሳዳጊዬን አክስቴ በለጠች አድርጌያለሁ። «ወንድም» ከሚለው ፊት ለፊት ደግሞ «የለኝም» ብዬ ጽፌያለሁ። ያርጋል ጫካ ከገባ ወዲህ የሱ ዘመድ ነኝ ያለ ሰው ምን እንደሚደርስበት ታውቂያለሽ። የመከረችኝ አክስቴ ናት፤ ብዕሩን የያዝኩት ግን እኔ ነኝ። 

ጉዞው የኮሌጁ ነው። የታሪክ ተማሪዎች ሠላሳ ሆነን፣ በዳባትና በደባርቅ ያሉትን የጥንት ቦታዎች እንድናይ ተላክን። የሁላችን ስም በታይፕ ተጽፎ ማኅተም ያረፈበትን የይለፍ ወረቀት መምህራችን አገኘሁ በደረት ኪሳቸው ይዘዋል። በየኬላው ያወጡታል፣ እንቆጠራለን፣ እንሄዳለን። ዳባት ላይ የፈረሰ የባላባት ግቢ አየን፤ መምህሩ ስለ ፊውዳሉ ሥርዓት ሲያስረዱ አጥሩ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌዎች እየሰሙ ይስቁ ነበር። ደባርቅ ስንደርስ የአዲስ አበባ ልጆች ብርድ ልብስ ተከናንበው ይንቀጠቀጡ ጀመር። ጓደኛዬ ስጦታ በአንድ ሹራብ ቆሜ ብታየኝ፣ አንቺን አይበርድሽም እንዴ፣ የዚህ አገር ሰው ነሽ እንዴ አለችኝ። ያን ጊዜ እኔም መንቀጥቀጥ ጀመርኩ።

ሐሙስ ዕለት ከከተማው ወጣ ወዳለች አንዲት የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ወሰዱን። የቤተ ክርስቲያኗ አገልጋይ አባ ገብረ ክርስቶስ የብራና መጽሐፎቹን አሳዩን፤ መምህሩም ስለ ቀለሙና ስለ ቆዳው ብዙ አስረዱ። ከዚያ ዕረፍት ሆነና ተማሪው ተበተነ። ፈተና ደርሶብናል እምዬ፤ ባለፈው ሰሚስተር የተባረሩትን ሁሉም ያስታውሳል። ስጦታ መጀመሪያ ሄዳ አባን በጸሎትዎ ያስቡኝ ብላ የክርስትና ስሟን ነገረቻቸው። እሷን ያዩ ሁለት መጡ፣ ከዚያ አምስት። በክፍል ውስጥ እግዚአብሔር የለም ብሎ የተከራከረው ዋሴ ሳይቀር ተሰለፈ። አባ ዐይናቸው ደክሟልና ልጄ አንቺ ጻፊልኝ አሉኝ።

እኔም እንደ ለመድኩት መጀመሪያ በደብተሬ ከጻፍኩ በኋላ በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ሰጠኋቸው። የልማዴ ጣጣ የሚመጣው በኋላ ነው። በመጨረሻ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ደምለው! የወጣት ማኅበሩ ሊቀ መንበር። የግቢውን ጥድ የሚመረምር መስሎ ከበስተኋላዬ ቆመና፣ «ገብረ ኪዳን ብለሽ ጨምሪበት» ብሎኝ ሄደ። አሥራ አራተኛው እሱ ነው። እኔ የራሴን አላስጻፍኩም። አሥራ አምስተኛ አድርጌ የጻፍኩት ኪዳነ ማርያም የሚለውን ነው።

ለአባ ዝርዝሩን ሳነብላቸው በየስሙ «ሕያው ነው?» እያሉ ይጠይቁኛል፤ አዎ እላለሁ። ኪዳነ ማርያም ላይ ስደርስ የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። የወንድሜ ነው አልኳቸው። ወንድም አለኝ ብዬ ስናገር በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዬ ነው፤ ዕንባዬ ሊመጣ ነበር። እሱስ ሕያው ነው ወይ አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ፊቴን ትኩር ብለው ካዩኝ በኋላ እግዚአብሔር ያውቃል ብለው ወረቀቱን አጣጠፉት። የካህን ወግ መስሎኝ አለፍኩት።

ዓርብ ጠዋት ለሚያዝያ ሃያ ሦስቱ ሰልፍ ለመድረስ ቸኩለን ተነሣን። የደባርቅ መውጫ ኬላ ላይ ግን እንደ ወትሮው ቆጥረው አልለቀቁንም። አስወርደው ዕቃችንን ፈተሹ። የኬላው ካድሬ ገና ወጣት ነው፤ አይጮህም፣ ሰው አያመናጭቅም፤ የፈራሁትም ለዚያ ነው። ደብተሬን ገልጦ ከይለፍ ወረቀቱ ጋር አስተያየውና፣ እዚህ አሥራ አምስት ሰው አለ፣ ከሠላሳችሁ ግን አንዱም የለበትም፣ እነዚህ እነማን ናቸው አለ። ባለፈው ወር የተያዘ አንድ ሰው ስሙን ገብረ ሥላሴ እያለ በሕቡዕ ሲሠራ ነበር አሉ። ጽሕፈቱ የማን ነው ሲል እጄን አወጣሁ። 

የክርስትና ስም ነው ማለት አንድ ቃል ነበር። ግን የማን የክርስትና ስም? እንዲያ ካልኩ አሥራ አራቱን አሳልፌ ሰጠሁ። ደምለውም እዚያው ካድሬው አጠገብ ቆሟል። ስለዚህ ዝም አልኩ፤ ዝም ባልኩ ቁጥር ነገሩ እየከፋ ሄደ። ወታደሮቹ ወደ መኪና ሊጭኑኝ ሲሉ ስጦታ ከሰልፉ ወጣች። «አመተ ማርያም እኔ ነኝ፤ ፈተና ስለደረሰ በጸሎት እንዲያስቡኝ ለኪዳነ ምሕረቱ ቄስ ነው ያስጻፍኩት» አለች። ካድሬው ፈተና? አለና ደገመው። ከዚያ ዋሴ ወጣ። ከዚያ አንድ በአንድ ሁሉም እየወጡ የኔ ነው፣ የኔ ነው አሉ። ካድሬውም በብዕሩ እያንዳንዱን ሰረዘ። በመጨረሻ ደምለው ባጁን ከደረቱ ፈትቶ ኪሱ ከተተና፣ ገብረ ኪዳን እኔ ነኝ አለ። በዚያ ጊዜ ያንን ልጅ ምን ያህል እንደ ወደድኩት!

«ኪዳነ ማርያምስ?» አለ ካድሬው። የሚወጣ የለም። ሁሉም እኔን ያያል። ወንድሜ ነው ካልኩ ቅጹ አለ፤ የት ነው ቢለኝስ? አላውቀውም ካልኩ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ መካዴ ነው።  ካድሬው፣ እንግዲያው ቄሱ ይምጡ፣ እስከዚያ ማንም አይንቀሳቀስም አለና ወታደር ላከ። ሁለት ሰዓት ሙሉ በብርዱ ቆምን። መምህር አገኘሁ ከንፈራቸው ደርቆ የይለፍ ወረቀቱን ዘርግተው ያጥፉታል፣ ዘርግተው ያጥፉታል።

አባ መስቀላቸውን ይዘው በእግራቸው መጡ። ካድሬው ስሙን አነበበላቸው። እሳቸውም፣ ይህ የሞተ ሰው ስም ነው፣ በደብረ ዘይት ሳምንት እኔው ፈትቼ የቀበርኩት መንገደኛ ነው፣ ልጅቱ ጸሐፊ እንጂ ሌላ ነገር የለባትም አሉት። አገሩ ወዴት ነው ሲላቸው፣ «ልጄ፣ በጣር ላይ ያለ ሰው የሚጠየቀው የክርስትና ስሙን ነው፤ አገሩን አልጠየቅሁትም» ብለው መለሱለት። ካድሬው ገጹን ከደብተሬ ገነጠለና ለኮሌጃችሁ እጽፋለሁ፣ ሂዱ አለን።

እኔ በልቤ አምላኬን አመሰገንኩ። መስቀል ልሳለም ስቀርብ ቀስ ብዬ፣ አባ ለኔ ሲሉ ዋሹ አልኳቸው። «ልጄ፣ መስቀል ይዤ አልዋሽም» አሉኝ። ቀጥለውም የግራ ጆሮው ጫፍ የጎደለ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ።

አዎ፣ በልጅነቱ በቅሎ ነክሳው ነው አልኳቸው።

 መስቀሉን ግንባሬ ላይ አኑረው ሾፌሩ ጥሩምባ እስኪነፋ ድረስ አላነሡትም። ቦታውንም ነገሩኝ። እንዴት አውቶቡሱ ላይ እንደወጣሁ አላውቅም። ልጆቹ ከኬላው በመውጣታችን ይዘፍኑ ነበር፤ እኔንም አንቺ ጀግና እያሉ ይስሙኝ ነበር።

አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ አውርዱኝ ማለት እችል ነበር። ቤታችን ይታያል፤ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እግሬ እምቢ አለኝ። ምን ይዤ እገባለሁ? ፊቴን አይተሽ ሁሉን ታውቂዋለሽ ብዬ ፈራሁ። አሁን ሳስበው አንቺን ለወረቀት ትቼሽ ያለፍኩ ይመስለኛልና ይቅር በዪኝ።

ደምለው ከሊቀ መንበርነቱ ወርዷል። እኔ ደግሞ ነገ ጠዋት ቢሮ እንድቀርብ ተጠርቻለሁ፤ አዲስ ቅጽ ይሰጡሻል ብለውኛል።  ቆርጫለሁ፤ ያርጋልን ከነአባቱ ስም እጽፈዋለሁ። ከእንግዲህ ስሙ በመጻፉ የሚጎዳ ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ።

እምዬ፣ ክረምቱ ሳይገባ አብረን ደባርቅ እንሄዳለን። እስከዚያ እሱ ያጽናሽ። ጉልበትሽን በብርድ አታስመቺው፣ እህል አትተዪ፣ ብቻሽን አትደሪ፤ አክስቴ በለጠች እንድትመጣልሽ ልኬባታለሁ። የድንግል ማርያም እጅ ከላይሽ አይለይ።

አንድ ነገር ብቻ። ለቄስ ሀብተ ሚካኤል በየወሩ ስማችንን እንደምትሰጪያቸው አውቃለሁ፤ የኔንና የኪዳነ ማርያምን በአንድ፣ የሟች አባቴን ለብቻ። ከዚህ ወር ጀምሮ የኔን ለብቻ ይጥሩት። ኪዳነ ማርያምን ከአባቴ ጋር ያድርጉት።

ያለሁልሽ ልጅሽ