ለዘይነብ፣ ስለ ረምላ ትንፋሽ

ዘይነቤ፣ የአላህ ራህመት ካለሽበት አይለይሽ። ከተለያየን ይኸው አምስተኛው ረመዷን ወጣ። መሠረተ ትምህርት ላይ ፊደል ስንቆጥር ቀድመሽኝ ጨርሰሽ ትስቂብኝ ነበር፤ ጽሑፌ አሁንም እንደዚያው ነው፣ እያረምሽ አንብቢው። ልጃችን መዲና ልጻፍልህ ብላኝ ነበር። ለሚስቴ ሌላ ሰው አይጽፍልኝም አልኳት።

ሐይቁ እንዳለ ነው። አንቺ በሄድሽ በዓመቱ ጦርነቱ መጣ፤ የሽንኩርቱን ማሳ አጥር ወስዶት መልሼ አጥሬዋለሁ። ያን ጊዜ አለማየትሽን አልሐምዱሊላህ ብያለሁ። ግን ረምላን ሲያፍናት አንቺን ፈለግኩሽ። ያዘልሻት የመዲና ልጅ ያንቺን ደረት ወርሳለች። መንገዱ ተዘግቶ፣ ፋርማሲው ባዶ ሆኖ፣ አንቺን እንደማስደግፍሽ ደረቴ ላይ አስደግፌያት ተቀመጥኩ። ፉጨቱ የማውቀው ነው። በውቂያ ጊዜ ገለባው ሲነሳ ከአውድማው ርቀሽ ሐይቁ ዳር ትቀመጪ አልነበር? የት እንዳለሽ የማውቀው በደረትሽ ፉጨት ነበር።

አላህ አተረፋት። መንገዱ ሲከፈት ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ አስም ነው ብላ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሁለት ዓይነት ሰጠችን። ሰማያዊው ሲያፍናት ብቻ ነው። ሌላው ግን ደህናም ብትሆን ጠዋትና ማታ ነው፤ የአየር ቧንቧዋ ውስጡ ስላበጠ፣ እብጠቱን ቀስ እያለ የሚያበርደው እሱ ነው አለችን። ደህና ለሆነች ልጅ መድኃኒት ምን ሊያደርግ ብዬ ተከራከርኩ፤ ታውቂኛለሽ።

«አባባ፣ የሽንኩርትዎን ቦይ የሚጠርጉት ውሃው ከቆመ በኋላ ነው?» አለችኝ።

መድኃኒቱን ተቀብያት ኪሴ ከተትኩ። ብትኖሪ መሸነፌን ለጎረቤቱ ሁሉ ታወሪው ነበር።

የጠዋትና የማታውን ከሳበች በኋላ አፏን መጉመጥመጥ አለባት፣ አለዚያ አፏን ያቆስላታል። መዲና ይሄን ሁሉ ማን ያስታውሳል ብላ ተጨነቀች። እኔ ከውዱእ ጋር አሰርኩት። ለሱብሒና ለመግሪብ ልንታጠብ ስንቀመጥ፣ ረምላ መጀመሪያ መድኃኒቱን ነርሷ በሰጠችን የፕላስቲክ መሳቢያ ትስባለች፣ ከዚያ በውዱእዋ ትጉመጠመጣለች። በጀመርነው ሰሞን ያ ፉጨት ቀስ እያለ ጠፋ።

ዘንድሮ ረመዷን ሲገባ ግን እጾማለሁ አለች። ገና ልጅ ናት፣ ጾሙ ግዴታዋ አይደለም፤ ግትርነቷ የኔ ሆነና እናቷም እኔም አልቻልናትም። ጥቂት እንደጾመች ፉጨቱ ተመለሰ። መድኃኒቱን እየሳበች ምን ነካት ብዬ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አየሁ። ጠዋት ላይ መሳቢያውን አፏ ላይ ታስጠጋለች እንጂ አትስብም። ስጠይቃት አለቀሰች።

«አባባ፣ ጾሜ ይፈርስብኛል።»

ከሰው ምክር የማልጠይቀው ሰውዬ፣ በዚያው ቀን ሸኹ ዘንድ ሄድኩ፣ ከዚያ ነርሷ ዘንድ። ሸኹ ሕመምተኛ ልጅን አላህ አያስገድዳትም፣ ካልሆነም ከአዛኑ በፊት ትሳብ አሉኝ። ነርሷም ትንሽ ብታስቀድመው አይጎዳትም፣ ማቋረጡ ነው የሚጎዳት አለችኝ። ሌሊት ለሱሁር ስንበላ እንድትስብ አደረግን። ስትጉመጠመጥ እያየችኝ ሳቀች፤ አሳሳቋ ያንቺ ነው ዘይነቤ።

የዒድ ለት ከልጆቹ ጋር ሐይቁ ዳር ስትሮጥ ውላ ገባች። ጠርቼ ጆሮዬን ጀርባዋ ላይ አደረግኩ። ምንም አይሰማም። አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ ወዲያው ግን ሆዴ ባባ። ይሄ መድኃኒት ምነው ላንቺም በደረሰልሽ ብዬ፣ ደግሞም ቤታችን ውስጥ የሚያፏጭ ደረት ስለሌለ። የት እንዳለሽ የሚነግረኝ ድምፅ እሱ ነበር።

አብሽሪ፣ የልጅሽን ልጅ አልተዋትም። እስትንፋሴ እስካለ ጠዋት ጠዋት ጆሮዬን ጀርባዋ ላይ አደርጋለሁ፤ ዝም ባለልኝ ቁጥር ላንቺ ዱአ አደርጋለሁ። እኔም ወዳንቺ ስመጣ፣ እንዳልጠፋብሽ አንድ ጊዜ አፏጪልኝ።

ባልሽ ሰይድ